ሬይና የማን ልጅ ናት?

ስለ አንዲት ክፉ ሴት ልጽፍ ነው። ክፉ ያልኳት ታሪኩን የጻፉት ሰዎች እንደዚያ አድርገው ስላቀረቧት ነው፤ እኔ በቃሉ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ስሟ ሬይና ነው። «ኤጀንትስ ኦፍ ሺልድ» በሚባለው የአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ፊልም ውስጥ አበባ የታተመበት ቀሚስ ለብሳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ፈገግ እያለች የምትገባው ሴት ናት። ተከታታዩ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2013 እስከ ኦገስት 2020 ድረስ በኤቢሲ ቴሌቪዥን ታይቷል፤ ሰባት ሲዝን፣ 136 ክፍል። ሬይና የቆየችው ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሲዝኖች ብቻ ነው። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል ብዬ እገምታለሁ። ያላያችሁ ደግሞ «ታሪኩን ነገረችን» ብላችሁ አትቀየሙኝ፤ ካለቀ ስንት ዓመቱ!

ሬይናን ሆና የተጫወተችው ሩት ነጋ ናት። አዎ፣ ነጋ። የተወለደችው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ አየርላንዳዊት ነርስ ነበሩ። አራት ዓመት ሲሆናት ከእናቷ ጋር ከአገር ወጣች። አባቷ ሊከተላቸው ታስቦ ሳይሆን ቀረ፤ እሷ ሰባት ዓመቷ ሳለ በመኪና አደጋ ሞተ። ልጅቷ አየርላንድ ውስጥ ሊምሪክ በምትባል ከተማ አደገች፣ ደብሊን በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ትወና ተማረች፣ «ላቪንግ» በተባለው የ2016 ፊልም ለምርጥ ዋና ተዋናይት የኦስካር ሽልማት እስከመታጨት ደረሰች። ይህን በሰፈር ሳወራ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እንዴ! ታዲያ የእኛ ልጅ ናታ?» ናት እላለሁ፤ የአየርላንዶችም ናት።

የሚከነክነኝ በሳይንስ ልብ ወለድ ሥራዎች ውስጥ የደረሷት ሚናዎች ናቸው። «ሚስፊትስ» በተባለው የእንግሊዞች ተከታታይ (ለዚህ መጽሔት አንባቢ አልመክረውም) በ2010 ኒኪ የምትባል ልጅ ሆና ገባች። የልብ ንቅለ ተከላ ተደርጎላት ከአዲሱ ልብ ጋር የሌላ ሰው ኃይል የወረሰች ልጅ ናት። እንዴት ያለ ታሪክ ሊወጣው ይችል ነበር! ዓመቱ ሳያልቅ ገደሏት። በ2019 «አድ አስትራ» በተባለው ፊልም ደግሞ ማርስ ላይ የተወለደች፣ ወላጆቿን ያጣች ሴት ሆና ለጥቂት ደቂቃዎች ትታያለች፤ ዋናው ሰውዬ ወደ መንኮራኩሩ የሚደርስበትን መንገድ ታሳየዋለች፣ እሱ ይሄዳል፣ እሷ ትቀራለች። ይህን ዓይነቱን ሚና ለራሴ «በር ከፋች» ብዬዋለሁ። በሩን ከፍታ ሌላውን ታስገባለች፤ ራሷ ደጅ ናት።

ሬይና የበር ከፋቾች ሁሉ አለቃ ናት። የመጣችው በመጀመሪያው ሲዝን አምስተኛ ክፍል ላይ ነው። ክፍሉ በእሷ ተሰይሟል፤ በስሟ ግን አይደለም፣ በቀሚሷ ነው፤ «ባለ አበባ ቀሚሷ ልጅ»። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከእጁ እሳት የሚያወጣ አንድ የጎዳና ትርኢት አቅራቢ ወጣት ዝነኛ እንደምታደርገው ነግራ ትወስደዋለች፤ መጨረሻው ሞት ይሆናል። ንጹሕ ናት እያልኩ አይደለም። ከዚያ የሺልድን አለቃ ኮልሰንን ታስጠልፋለች፣ ትታሰራለች፣ ከእስር ያወጧት ሰዎች «ሁሉን የሚያየው» እያሉ ሲያስፈሯት የኖሩት ጌታ ተራ አጭበርባሪ መሆኑን ትደርስበታለች፣ እሱን ትታ ካል ወደሚባል እጁ በደም የተነከረ ሐኪም ትሄዳለች፣ በመጨረሻም ተራራ ላይ ወዳለ ድብቅ መንደር ትገባለች። በሁለት ሲዝን አራት ጌታ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ቦታ ሥራዋ ያው ነው፤ የሚቀጥለውን ታሪክ ከፍታ ወደ ጎን መቆም። ይህን ሁሉ ጊዜ ማታ የት እንደምትገባ፣ ማን ስሟን አቆላምጦ እንደሚጠራት፣ ብትታመም ማን ውኃ እንደሚያቀብላት አናውቅም።

ብዙ ሰው «ገጸ ባሕርይዋን አባከኗት» ሲል የሚያስበው ትንሽ ታየች ብሎ ነው። እኔ ግን የደቂቃ ቅሬታ የለኝም። ሬይና ብዙ ታይታለች፣ ብዙም ተናግራለች። የጎደላት ሰው ነው። የሚያበሳጨው ደግሞ ሰውየዋ እዚያው፣ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ነበረች።

ስካይ ማለቴ ነው፤ ኋላ ዴይዚ የተባለችው፣ የተከታታዩ ዋና ልጅ። ስካይ በማሳደጊያ ያደገች፣ ወላጆቿን የምትፈልግ ናት። ያ ካል የተባለው ሰው አባቷ ነው። እስቲ አስቡት፤ ካል ልጁን አጥቶ ዓመታት ሲንከራተት፣ ሬይና አጠገቡ ናት። ስለሚጠብቃት መለወጥ ተስፋ የሰጣት እሱ ነው። ልጁን ያገኘችለት ደግሞ እሷ ናት፤ በመጀመሪያው ሲዝን መጨረሻ የስካይን ፎቶ ይዛ ትሄዳለች። አንዷ የሥጋ ልጅ ናት፣ አባቷን አታውቀውም። ሌላዋ ቀርባ ታውቀዋለች፣ ልጅ ግን አይደለችም።

ከዚያ በዲሴምበር 2014 በታየው ክፍል ሁለቱ ከመሬት በታች ባለ አንድ ጥንታዊ ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ። ሬይና ከሰማይ ስለወረዱ ሰማያዊ መላእክት ታወራለች፤ መለወጥን ስትጠብቅ የኖረች ናት። ጭጋጉ ይወጣል። ሁለቱንም አንድ ዓይነት ድንጋይ ይለብሳቸዋል፣ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ክፍል። ስካይ መልኳ ሳይለወጥ ምድርን የሚያንቀጠቅጥ ኃይል ይዛ ትወጣለች። ሬይና ፊቷ፣ እጇ፣ መላ አካሏ እሾህ ሆኖ ትወጣለች፤ ስትንቀሳቀስ ከውስጥ የሚወጋት እሾህ። መልአክ እሆናለሁ ያለችው ልጅ!

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ይህ ሁሉ ሙግት ለምን እንደሚያሳስበኝ አይገባችሁም።

በ1998 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ከደብረ ሲና ወደ አዲስ አበባ መጣሁ። እናቴ ለትምህርቴ ስትል እህቷ ዘንድ ላከችኝ። የአክስቴ ቤት የካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ሰፈሩ አልቆ የእንጦጦ ዳገት የሚጀምርበት፣ ማለዳ ማለዳ ጭስና ባህር ዛፍ የሚሸት ቦታ። አክስቴ አንዲት ሴት ልጅ አለቻት፣ በአንድ ዓመት ታንሰኛለች። ስመጣ አንድ ክፍል ዝቅ ተደርጌ ስለገባሁ ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ሆንን። አንድ አልጋ፣ አንድ ሰንበት ትምህርት ክፍል፣ አንድ ዓይነት ጫማ። አክስቴ ደግ ሴት ናት፤ ልብስ ስትገዛ እንኳ ሻጩን «ሁለት አንድ ዓይነት አለህ?» ሳትል አትገዛም። በዚያ ቤት ተርቤም ተመትቼም አላውቅም።

ነገር ግን እንግዳ ይመጣል። ቡና ይፈላል፣ እኛ ስኒ እናቀርባለን፣ እንግዳዋ ቀና ትልና «ይቺስ?» ትላለች። አክስቴ አንዳንድ ቀን «የእህቴ ልጅ ናት» ትላለች። አንዳንድ ቀን «ልጄ ናት» ትላለች። በምን እንደምትመርጥ እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም፤ ምናልባት አትመርጥም ይሆናል፣ አፏ ላይ የመጣላትን ነው። እኔ ግን «ልጄ ናት» ያለችባቸውን ቀኖች እቆጥር ነበር። የአክስቴ ልጅ «እማዬ» ብላ ትጣራለች፤ እኔ «እታለም» ብዬ እጣራለሁ፤ አንዲቱ ሴት ከአንዱ ጓዳ ለሁለታችንም «አቤት» ትላለች። «እማዬ በይኝ» ያለኝ የለም። እንዳልል የከለከለኝም የለም።

እንግዲህ በ2007 ዓ.ም. ሁለታችንም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለን ነው «ኤጀንትስ ኦፍ ሺልድ»ን የምንከታተለው። ታች መንገድ ዳር ካለችው ፊልም ቤት በፍላሽ እናስጭናለን፤ ልጁ አዲስ ክፍል ሲገባለት ከሩቅ በእጁ ምልክት ያሳየናል። ማታ ጥናት ካለቀ በኋላ አልጋ ላይ ላፕቶፑን በሁለታችን ጉልበት ላይ አድርገን እናያለን። መጋቢት ላይ ከጭጋጉ ቀጥሎ ያለው ክፍል መጣ። ሬይና በእሾኋ ውስጥ ሆና ካል ዘንድ ትሄዳለች። ምን እንዳደረጋት ታሳየዋለች፤ ሕመሟን ትነግረዋለች፤ መልሰኝ ትለዋለች። ካል አይሰማትም። ደስታው በዝቷል፤ ልጁ ተለውጣለች፤ የእሱ ዴይዚ! ፊቱ የቆመችውን ልጅ የሚያያት በመንገዱ ላይ እንደተቀመጠ ዕቃ ነው።

የአክስቴ ልጅ አቆመችው። ስክሪኑ ላይ የሬይና ፊት ቀረ።

«ለምን እህቷ አላደረጓትም?» አለችኝ።

«ማንን?»

«ሬይናን ነዋ። ለስካይ።»

«እኔን ነው የምትጠይቂኝ? ደራሲዎቹን ጠይቂያቸው።»

ምንም አላለችም። ትንሽ ቆይታ «ሻይ ላፍላ» ብላ ወጣች፤ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሻይ የምትጠጣ ልጅ አልነበረችም።

ከዚያ በኋላ ነው ይህን ተከታታይ በሌላ ዓይን ማየት የጀመርኩት። ለምሳሌ ራቱን ልንገራችሁ። ሬይናንም ስካይንም ዓይን የሌለው፣ ከቦታ ቦታ በቅጽበት የሚያሻግር ጎርደን የሚባል ሰው ወደ ተራራው መንደር ይወስዳቸዋል። (ሬይና ሞትን ስትፈልግ ደርሶ «ቆንጆ» ብሎ የጠራት እሱ ነው፤ ዓይን የለውም እንግዲህ። ይህችም ዝምድና ተጀምራ ተረሳች።) እዚያ ሬይና ቅዠት ያስቸግራታል። ካል ዴይዚ የተባለውን አበባ ይዞ ለራት ሲመጣ ታያለች። ትንሽ ቆይቶ ራቱ እውነት ይሆናል፤ ካል አበባውን ይዞ ይመጣል፣ ስካይና እናቷ ጂያዪንግ ይቀመጣሉ፣ አባት፣ እናትና ልጅ ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ አንድ ማዕድ ይቆርሳሉ። ሰዎቹም ይነቃሉ፤ ለካ የሬይና ስጦታ መጪውን ማየት ኖሯል!

ደራሲዎቹ ከዚህ ትዕይንት ያወጡት ይህን ብቻ ነው፤ ስጦታዋ ምን እንደሆነ። እኔ ሌላ ነገር አየሁ። ቤተሰብ ያልነበራት ልጅ የሌላ ሰው ቤተሰብ ራት ሲበላ በሕልሟ አየች። ሳህኖቹን አየች። የእሷ ሳህን አልነበረበትም። በቅዠቱ ያስለቀሳት ምን እንደሆነ አንድ ሰው ቢጠይቃት አንድ ክፍል ሙሉ ይወጣው ነበር። ማንም አልጠየቃትም።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከወጣቶች ኅብረት ጋር እንጦጦ ወጥተን ይኸው ጉዳይ ተነሣ። አረፍ ያልነው ከሕዋ ምርምር ጣቢያው ብዙም ሳንርቅ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉበት ነው፤ በዲሴምበር 2019 ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን መቆጣጠሪያም እዚያው ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሳይንስ ልብ ወለድ ወሬ መምጣቱ አይቀርም። አንዱ ስለ ማርቬል ጀመረ፤ እኔ ሬይናን አመጣሁ፤ በድራማ ክፍላችን የሚጽፈው ወንድማችን ተነሣብኝ።

«ጊዜ አልበቃቸውማ!» አለ። «በየሲዝኑ ሃያ ሁለት ክፍል ነው፤ ስንት ሰው ያስተናግዱ? በዚያ ላይ ከሲኒማ ፊልሞቹ ጋር መገናኘት አለበት። በኤፕሪል 2014 ካፒቴን አሜሪካ ሲወጣ ሺልድ ፈረሰ፤ የእነሱም ታሪክ በአንድ ሳምንት ተገለበጠ። አንቺ የድራማ ጽሑፍ አስረክበሽ በነጋታው መሪ ተዋናዩ ሲቀር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እውነቱን ነው፤ ያ ተከታታይ በሰው ፊልም ሰሌዳ የሚሮጥ ነበር። ግን ጊዜ አነሰ የሚለውን አልተቀበልኩትም። «ሩት» አልኩት፤ ተዋናይቷን መስሎት «እሷማ ጎበዝ ናት» አለኝ። መጽሐፈ ሩትን ነው ያልኩህ፤ አራት ምዕራፍ። እዚያ ውስጥ ዖርፋ አለች። የምትመለሰው ምራት፣ ታሪኩ የማይከተላት። ከጥቂት ቁጥሮች በላይ የላትም። ሆኖም አልቅሳለች፣ አማቷን ስማለች፣ እንሂድ ብላ ነበር፣ ተለምና ነው የተመለሰች። በእነዚያ ጥቂት ቁጥሮች ኑኃሚን ሁለቱንም «ልጆቼ» ብላ ትጠራቸዋለች። ዖርፋ ከታሪኩ ስትወጣ የሚስማት ሰው ነበራት። ለዚህ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ወንድማችን ሊመልስ ሲል ከላይ ባህር ዛፍ የተሸከሙ ሦስት እናቶች በዳገቱ ጎንበስ ብለው ብቅ አሉ፤ ሁላችንም ተነሥተን መንገድ ለቀቅን። ሲያልፉ ከመካከላቸው የመጨረሻዋ ቀና ሳትል «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ከዚያ ተቀምጠን ቀጠልን።

«ትሪፕስ?» አለች አንዷ እህታችን። የረሳሁት መስሏት ነው። ትሪፕ በዚያው ጭጋግ ክፍል ውስጥ የሞተው ወጣት ወኪል ነው፤ አያቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከካፒቴን አሜሪካ ጋር የዘመቱ፣ እሱ የአያቱን መሣሪያዎች ይዞ የሚዞር፣ ተጫዋች ልጅ። እሱም ባክኗል፤ ከስካይ ጋር የጀመሩለትን መቀራረብ ሳይጨርሱለት ነው የገደሉት። ቢሆንም ከሬይና ይሻላል። ጓዶቹ አዝነውለታል። «ሟች» ሆኗል፤ ሬይና ግን «ችግር» ነበረች፣ ተወገደች። ልዩነቱ ለእኔ ይህ ነው።

ሌላው ያመለጣቸው ዝምድና ኮልሰን ነው፤ ስለ እሱ ማንም ሲያነሣ አልሰማም። ኮልሰን በ2012ቱ ፊልም ሞቶ የተነሣ፣ እንዴት እንደተነሣ ግን የተዋሸ ሰው ነው። ሬይና ስታስጠልፈው የምትጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የሞትክ ጊዜ ምን ሆነ? ዱላ አይደለም ይዛ የመጣችው። ስለሚወዳትና ሞቷል ብላ ስላለቀሰችለት ሴት እያነሣች በለሆሳስ ታግባባዋለች። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ከየትኞቹም ገጸ ባሕርያት ይልቅ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም አንድ ነገር ተነግሯቸው ያመኑ፣ ሁለቱም የተነገራቸው ሐሰት የሆነባቸው። ኋላ የእሷም «ሁሉን የሚያየው» ሐሰት ሆኖ ሲገኝ፣ ኮልሰን አንድ ጊዜ እንኳ «አንቺም?» ቢላት ምን ነበረበት? ከዚያ ወዲያ ሲገናኙ የሚነጋገሩት ስለ ማስፈራሪያና ስለ ልውውጥ ብቻ ነው።

መጨረሻዋን ልንገራችሁ። በሜይ 2015 በሁለተኛው ሲዝን ማብቂያ፣ ሬይና ጂያዪንግ ጦርነት እንደምታስነሣ አውቃለች። የምትሞትበትንም አውቃለች። ሄዳ ፊት ለፊት ትናገራታለች፤ ጂያዪንግ ታርዳታለች፤ ስካይ ታያለች። ሬይና የፈለገችውም ይህንኑ ነው፤ ስካይ የእናቷን እውነተኛ ማንነት በዓይኗ እንድታይ። በሌላ ቋንቋ፣ ራት ያልተጠራችበት ቤት ልጅ እንድትድን ሞተች። ይህ የእህት ሥራ ነው። ደራሲዎቹ የእህትን ሥራ አሠሯት፤ ስሙን ግን ከለከሏት። ስካይ ከዚያ ወዲያ ከእናቷ ጋር ትታገላለች፣ ካል ልጁን ለማዳን ሚስቱን ይገድላል፣ የእሱም ትዝታ ተፋቆ የእንስሳት ሐኪም ሆኖ አዲስ ሕይወት ይጀምራል፤ ስካይ ሄዳ ታየዋለች። ለሁሉም አንድ አንድ ነገር ደረሰው። ለሬይና ያለቀሰ አላየንም። በእኛ አገር ጠላት እንኳ ለቅሶ ይደርሳል።

ተዋናይቷ በ2016 በጀመረ ሌላ ተከታታይ ላይ ዋና ሚና ይዛ ሄዳለች፤ መሄዷም መሞቷም አያስቀይመኝም። ሰው ይሄዳል። ሲሄድ ማን ቆሞ እንደሸኘው ነው የምጠይቀው።

ያን የመጨረሻ ክፍል ያየነው ብሔራዊ ፈተና ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሲያልቅ ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ የአክስቴ ልጅ የሒሳብ ደብተሯን ከጀርባ ገለጠችና «ነይ እንጻፈው» አለችኝ። ሕጉን ራሷ አወጣች፤ እሷ ስካይን ትጽፋለች፣ እኔ ሬይናን፤ አንድ አንድ መስመር እየጻፍን ደብተሩን እንቀያየራለን፤ መነጋገር ክልክል ነው።

የራቱን ማታ መረጥን። ስካይ ከማዕድ ተነሥታ በሩን ትከፍታለች፤ ሬይና ደጅ ቆማለች።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» ብላ ጻፈች።

«እያለፍኩ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

«ውሸት ነው። ግቢ።»

እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ። ውጭ የጎረቤት ውሻ ይጮሃል፤ አክስቴ ከወዲያኛው ክፍል «አትተኙም እንዴ?» ትላለች። በመጨረሻ «ማን ብዬ ልግባ?» ብዬ ጽፌ ደብተሩን ሰጠኋት።

አነበበችው። እስክሪብቶውን አፏ ውስጥ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ስትመልስልኝ እንዲህ ይላል፤ «እጅሽን ታጠቢ። ወጡ ቀዝቅዟል።»

ተራው የእኔ ነበር። በማግስቱ ጥናት፣ ከዚያ ፈተናው፣ ከዚያ እሷ አንድ ዩኒቨርሲቲ እኔ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተመደብን። አሁን የምትኖረው ካልጋሪ ነው። ባለፈው ሰሞን ደውላ ስለ ልጇ ጥርስ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ እማዬ ስኳር ስናወራ ቆየንና ልትዘጋው ስትል «ስሚ እንጂ፣ ያ ደብተር የት ገባ?» አለችኝ።

«እኔ ጋ ነው» አልኳት።